ለጣት መልስ የሚሰጥ መስተዋት

በዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን የምንመረምረው ነገር በየሰዉ እጅ ያለ፣ ጠባዩ ግን እምብዛም ያልተጠየቀ ነው፤ ይኸውም በስልክ፣ በመኪናና በመርከብ ላይ የነበረው ቁልፍ እየተነቀለ በስፍራው ልሙጥ መስተዋት ሲተካ የሰው ጣት ምን እንዳጣ፣ ምንስ እንዳገኘ፣ ያጣውንም ይመልሱለት ዘንድ መሐንዲሶች ከመስተዋቱ ሥር ያኖሩት ንዝረት እስከ ምን ድረስ እንደሚበቃው ማወቅ ነው።

ሊቃውንት አምስቱን ሕዋሳት ሲቈጥሩ ማየትን በመጀመሪያ፣ መዳሰስን በመጨረሻ ማኖር ልማዳቸው ነው፤ ነገር ግን ዓይን ያየውንና ጆሮ የሰማውን ልቡና በተጠራጠረ ጊዜ ማረጋገጫ የሚፈለገው ከእጅ ነውና፣ በመጨረሻ መቈጠሩ ታናሽ አያሰኘውም። ሐዋርያው ቶማስ የጌታውን ትንሣኤ ከባልንጀሮቹ አፍ ሰምቶ ሳለ፣ ጣቱን በችንካሩ ምልክት ካላገባ እንደማያምን የተናገረው ስለዚህ ነው።

የዘመናችን ተመራማሪዎችም ይህን የእጅ ሥልጣን ከሥጋ አፈጣጠር አንጻር መርምረው፣ በአንድ እጅ መዳፍና ጣቶች ውስጠኛ ቆዳ 17,000 ያህል ንክኪን የሚቀበሉ ነርቮች እንዳሉ አስረድተዋል። እነዚህም በአራት ወገን የተከፈሉ ናቸው፤ አንዱ ወገን የማያቋርጥ ግፊትንና የነገርን ጠርዝ፣ ሁለተኛው የቆዳን መወጠር፣ ሦስተኛው ቀስ ያለ እንቅስቃሴንና መንሸራተትን ሲያውቅ፣ አራተኛውና በጣሊያናዊው ሊቅ በፊሊፖ ፓቺኒ ስም የሚጠራው፣ ከቆዳ ሥር ጠልቆ የተቀመጠው ወገን፣ በሴኮንድ ከ200 እስከ 300 ጊዜ የሚመላለስ ረቂቅ ንዝረትን ከሁሉ ይልቅ ይለያል። ንክኪ በሴሎች ሽፋን ላይ ወደ ኤሌክትሪክ መልእክት የሚለወጥበትን በር ያገኘው አርደም ፓታፑቲያንም፣ የሙቀትን በር ካገኘው ከዴቪድ ጁሊየስ ጋር፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤልን ሽልማት ተቀብሏል። አድማጮች ሆይ፣ እነዚህን አራት ወገኖች በልቡናችሁ ያዙ፤ ወደ ፊት እንደምናየው የስልካችን ንዝረት ከአራቱ ይልቁንም ለአንዱ የሚናገር ነውና።

አሁን ወደ ቁልፉ እንለፍ። አይ.ቢ.ኤም. የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣውን፣ ሞዴል ኤም ተብሎ የሚጠራውን የኮምፒውተር ኪቦርድ ፈትቶ የተመለከተ ሰው በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር አንድ ቀጭን የብረት ሞላ ቆሞ ያገኛል። ጣት ቁልፉን መጫን ሲጀምር ሞላው ይቋቋማል፤ ግፊቱ ሲጨምር ተቃውሞውም አብሮ ይከብዳል፤ ከተወሰነ ልክ ባለፈ ጊዜ ግን ሞላው በአንድ ቅጽበት ወደ ጎን ይታጠፍና ከሥሩ ያለችውን ታናሽ መዶሻ ይገፋታል፤ በዚያችው ቅጽበት ፊደሉ ይጻፋል፣ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰማል፣ ጣትም ከሥሩ የነበረው ተቃውሞ ድንገት ሲለቀው ይሰማዋል።

ይህን ያህል ታናሽ የሆነ ዕቃ ለእጅ የሚፈጽማቸው አገልግሎቶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ስፍራን ማመልከት ነው፤ ጣት ምንም ሳያዝዝ የቁልፉን ጠርዝ በመዳሰስ ብቻ ያለበትን ያውቃልና። በኪቦርድ ላይ በኤፍና በጄ፣ በስልክና በኤ.ቲ.ኤም. ላይ ደግሞ በ5 ቁጥር ላይ ታናሽ ጉብታ የተደረገውም ስለዚህ ነው። ባለ ቁልፍ ስልክ በእጃችሁ ያለ አድማጮች፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አውራ ጣታችሁን በዚያች ጉብታ ላይ አሳርፉ፤ ከእርሷ ተነሥታችሁ ወደ ላይ 2ን፣ ወደ ታች 8ን፣ ወደ ግራ 4ን፣ ወደ ቀኝ 6ን ያለ ዓይን ርዳታ ታገኛላችሁ። ሁለተኛው አገልግሎት ወሰን ማበጀት ነው፤ የሞላው ክብደት ጣትን ማሳረፍን ከማዘዝ ይለያልና፣ ጸሐፊ ጣቶቹን በቁልፎቹ ላይ ዘርግቶ ሊያስብ ይችላል፣ አንዲት ፊደል ግን ሳይፈቅድ አትጻፍበትም። ሦስተኛው መመስከር ነው፤ ትእዛዙ ከተፈጸመ በኋላ የሞላው መታጠፍ ‹ሆኗል› ብሎ ለጣት ይናገራል። እንግዲህ ስፍራ፣ ወሰንና ምስክር የቁልፍ ሦስቱ ግብሮች ናቸው ብለን እንያዝ።

እንዲህ ያለው ታማኝ አገልጋይ ስለ ምን ተሰናበተ ቢባል፣ አንድ ጊዜ ከተበጀ በኋላ የማይለወጥ ስለ ሆነ ነው። በእንግሊዝ አገር፣ በማልቨርን ከተማ በነበረው ንጉሣዊ የራዳር ምርምር ተቋም ይሠራ የነበረው ኢ. ኤ. ጆንሰን፣ የአውሮፕላንን ጉዞ ለሚቈጣጠሩ ሰዎች ይጠቅም ዘንድ በጣት ንክኪ የሚታዘዝ ስክሪን የመሥራትን አሳብ እ.ኤ.አ. በ1965 አሳትሞ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላም በጄኔቫ አጠገብ ባለው፣ ሰርን በተባለው የአውሮጳ የኑክሌር ምርምር ማእከል፣ ታላቁን የፕሮቶን ማፋጠኛ የሚመሩበትን ክፍል የሚያዘጋጁት ፍራንክ ቤክና ቤንት ስቱምፔ፣ ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱን ቁልፍ ቢያበጁለት በሺህ የሚቈጠር ቁልፍ እንደሚያስፈልግ ባዩ ጊዜ፣ እንደ ሥራው ጠባይ በየጊዜው የሚለዋወጡ ቁልፎችን በአንድ መስተዋት ላይ የሚያሳይ ስክሪን ሠሩ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2007 አይፎንን ለዓለም ባሳየ ጊዜ ስቲቭ ጆብስ ያቀረበው ክርክር ከዚህ የራቀ አልነበረም፤ ይኸውም የፕላስቲክ ቁልፍ ቢያስፈልግም ባያስፈልግም ስፍራውን ይዞ ይኖራል፣ በስክሪን ላይ የተሣለው ቁልፍ ግን ሲፈለግ ይመጣል፣ ሲበቃ ይሄዳል የሚል ነው።

ይህ ጥቅም ከማንም ይበልጥ ለእኛ ለፊደል ባለቤቶች የታወቀ ነው። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት በሰባት ሲቈጠሩ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ ሲጨመሩ ከዚያም ይበልጣሉ። የአማርኛን የጽሕፈት መኪና ለማስገኘት የደከሙት ኢንጂነር አያና ብሩና ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ሠሪዎች የተጋደሉት ከዚሁ ከፊደል ብዛትና ከቁልፍ ማነስ ጋር ነበር፤ የሳድሱን፣ የካዕቡን፣ የሣልሱን ምልክት ለብቻው በቁልፍ እየመቱ በፊደሉ ላይ መቀጠል ግድ ስለ ሆነ፣ ከመኪናው የሚወጣው ጽሕፈት የቁም ጸሐፊን እጅ ውበት ሳያገኝ ቀረ። ዛሬ ግን በስልኩ ስክሪን ላይ ጣት ‹ለ›ን በነካ ጊዜ ‹ሉ፣ ሊ፣ ላ፣ ሌ፣ ል፣ ሎ› ተሰልፈው ይቀርባሉ፤ የተፈለገው ሲመረጥም የቀሩት ስፍራውን ለቀው ይሄዳሉ። ስለዚህ መስተዋቱን ስንመረምር ውለታውን በመርሳት አይሁን።

ይሁን እንጂ መስተዋቱ ጣትን የሚያውቅበት መንገድ ከቁልፉ ፈጽሞ የተለየ ነው። በስልኩ መስተዋት ሥር ብርሃንን የሚያሳልፍ፣ ኤሌክትሪክንም የሚያስተላልፍ እጅግ ስስ ንጣፍ ተዘርግቷል፤ የሰው ሥጋ ራሱ ኤሌክትሪክን የሚያስተላልፍ ስለ ሆነ፣ ጣት በቀረበ ጊዜ በንጣፉ ላይ ካለው የኤሌክትሪክ ሙላት ጥቂቱ ወደ ጣት ይሳባል፤ መሣሪያውም ሙላቱ የጎደለበትን ስፍራ አስልቶ ጣቱ የት እንዳለ ይረዳል። እንግዲህ ይህ ዓይነቱ ስክሪን የሚያውቀው የጣትን መኖር እንጂ የጣትን ፈቃድ አይደለም፤ ለማረፍ የመጣውን ጣት ለማዘዝ ከመጣው አይለይም፤ በዚህም ወሰን የተባለው የቁልፍ ግብር ጠፋ። ወለሉም ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ልሙጥ ስለ ሆነ ስፍራ ጠፋ፤ መልስ ስለማይሰጥም ምስክር ጠፋ።

መሐንዲሶች ይህን ጉድለት አላቃለሉትም። ብላክቤሪ የተባለውን ስልክ የሚሠሩት መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ2008 ስቶርም በሚል ስም ባወጡት ዓይነት፣ መስተዋቱን በሙሉ እንደ አንድ ታላቅ ቁልፍ አድርገው ከሥሩ መጫኛ አኖሩ፤ የጻፈ ሰው ሁሉ በየፊደሉ መስተዋቱን ወደ ታች ገፍቶ እንደ ቁልፍ ሲጮኽ ይሰማው ነበር። ወሰንና ምስክር በዚህ ተመለሱ፤ ነገር ግን ለየፊደሉ ሰፊውን መስተዋት መጫንና መልቀቅ ለፈጣን ጸሐፊ ከባድ ቀንበር ሆነ፤ በመስተዋቱ ላይም የፊደላቱ ጠርዝ ስላልነበረ ጣት ስፍራውን በራሱ ማግኘት አልቻለም፤ አሠራሩም ሳይስፋፋ ቀረ።

ሌሎች ደግሞ መስተዋቱን ሳያንቀሳቅሱ በንዝረት መልስ መስጠትን መረጡ። በቀደሙት ስልኮች ውስጥ የነበረው መሣሪያ ክብደቱ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ብረት የተሰካበት ታናሽ ሞተር ነበር፤ ይህ ሞተር ለመነሣትም ለመቆምም ጊዜ ስለሚፈጅ፣ ጣት ፊደሉን ነክቶ ከሄደ በኋላ ንዝረቱ ገና ያንጎራጉር ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጣው መሣሪያ በማግኔትና በመዳብ ጥቅል መካከል፣ በሞላ ላይ የተንጠለጠለ ክብደትን በቀጥታ መስመር ያመላልሳል፤ ይህም ቶሎ ተነሥቶ ቶሎ የሚቆም በመሆኑ፣ ለጣት የሚደርሰው መልስ የረዘመ ጕርምርምታ መሆኑ ቀርቶ እንደ አንዲት አጭር ምት ይሆናል። ከአራቱ የነርቭ ወገኖች ለፓቺኒው ወገን በተለይ የሚናገረውም ይኸው ምት ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን አፕል እ.ኤ.አ. በ2015 በላፕቶፖቹ ላይ ያኖረው የጣት ሰሌዳ ነው። ይህ ሰሌዳ ሲጫኑት ወደ ታች የሚወርድበት ጉዞ እምብዛም የለውም፤ በማዕዘኖቹ ያሉት ታናናሽ መለኪያዎች የጣቱን ግፊት ይመዝናሉ፤ ግፊቱ ከልኩ በደረሰ ጊዜ የኤሌክትሪክ ማግኔት ሰሌዳውን ወደ ጎን በጥቂቱ ይነቀንቀዋል፤ የሚጫነው ሰው ግን ወደ ጎን የተደረገውን ንቅናቄ ቁልፍ ወደ ታች እንደ ወረደ አድርጎ ይሰማዋል። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ያንኑ ሰሌዳ ቢጫኑት እንደ ድንጋይ ዝም ይላል። ዓይኑ የፈዘዘው ይስሐቅ፣ ጆሮው የያዕቆብን ድምፅ እየነገረው፣ በእጁ የዳሰሰው የፍየል ጠጕር ግን አሸንፎት በረከቱን ለታናሹ እንደ ሰጠ ከመጽሐፍ እናውቃለን፤ የመዳሰስ ምስክርነት ያንን ያህል ብርቱ ስለ ሆነ፣ ዛሬም መሐንዲሱ ለእጅ በተናገረ ጊዜ ልቡና ያለ ክርክር ይቀበለዋል። ልዩነቱ፣ የዛሬው ምትሃት ሰውን ለማገልገል የተበጀ መሆኑ ነው።

ስለ ስፍራም የደከሙ አልጠፉም። እ.ኤ.አ. በ1953 ኤድዋርድ ማሊንክሮትና ባልደረቦቹ ሳይንስ በተባለው መጽሔት ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የነሐስ አምፖል ማቀፊያ መብራቱ ሲበራ በጣት ላይ ሻካራ፣ ሲጠፋ ግን ልሙጥ ሆኖ እንደሚሰማ ካስተዋሉት ነገር ተነሥተው፣ በኤሌክትሪክ ኃይል የቆዳንና የብረትን ሰበቃ መለዋወጥ እንደሚቻል አስረዱ። በዲስኒ የምርምር ክፍል የተሰበሰቡ ሊቃውንትም እ.ኤ.አ. በ2010 ይህንኑ ጥበብ ወደ ስክሪን አምጥተው፣ በልሙጥ መስተዋት ላይ የሚንሸራተት ጣት የሸካራ ጨርቅ ወይም የጠርዝ ስሜት እንዲያገኝ አደረጉ። ይሁንና ስሜቱ ያለው ጣት ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው፤ በቆመ ጊዜ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ታክተስ የተባለ የካሊፎርኒያ ኩባንያ፣ በመስተዋቱ ላይ በተለበጠ ሽፋን ውስጥ ፈሳሽ በረቂቅ ቦዮች እየገፋ፣ ሲፈለጉ የሚያብጡ፣ ሲበቁም የሚከስሙ የቁልፍ ጉብታዎችን አሳየ። እነዚህ ጉብታዎች በእርግጥ ስፍራን ያመለክታሉ፤ ነገር ግን ቦዮቹ በፋብሪካ እንደ ተቀደዱ የሚቀሩ ስለ ሆኑ፣ ጉብታው መነሣትና መተኛት እንጂ ከስፍራው መዛወር አይችልም፤ መስተዋቱ የተመረጠበት ዋናው ምክንያት፣ ይኸውም መለዋወጥ፣ በዚህ ይታሰራል።

ከዚህ ሁሉ ሐተታ የምናገኘው ትምህርት አንድ ነው። ንዝረት ምስክርን መልሷል፤ ግፊትን የሚመዝነው ሰሌዳም ወሰንን መልሷል፤ ስፍራ ግን አልተመለሰም። መብራት በጠፋበት ሌሊት ግድግዳውን እየዳሰሰ ወደ በሩ የሚሄድ ሰው የሚያስፈልገው በየእርምጃው የሚመራው ግድግዳ ነው፤ በሩን ካለፈ በኋላ ‹አልፈሃል› የሚለው ድምፅ ብቻውን መንገድ አይሆነውም። የስልኩም ምት የሚመጣው ጣት ከነካ በኋላ ስለ ሆነ፣ የተነካው የተፈለገው ይሁን የተሳሳተው ለይቶ አይናገርም።

ይህ ጉድለት በስልክ ላይ አንዲት ፊደል ቢያሳስት በእርማት ይመለሳል፤ በሌላ ስፍራ ግን ነፍስ ይጠፋበታል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 21 ቀን 2017፣ ገና ሳይነጋ፣ ጆን ኤስ. ማኬይን የተባለው የአሜሪካ የጦር መርከብ በሲንጋፖር አጠገብ ሲጓዝ፣ የመሪውና የፍጥነቱ ሥራ ለሁለት ባሕረኞች እንዲከፈል አዛዡ አዘዘ። ሥራው የሚተላለፈው በስክሪን ንክኪ ነበር፤ በዝውውሩ መካከል የመሪው ሥልጣን ሳይታሰብ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሄደ፤ የግራውንና የቀኙን ሞተር አንድ አድርጎ የሚያያይዘውም ትእዛዝ ተፈታ። ፍጥነት ይቀነስ በተባለ ጊዜ የቀነሰው የግራው ብቻ ስለ ነበረ፣ መርከቡ ወደ ግራ ታጥፎ አልኒክ ኤም.ሲ. በተባለው ነዳጅ ጫኝ መርከብ ፊት ገባ፤ በግጭቱም 10 ባሕረኞች ሞቱ። አደጋውን የመረመረው የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ የሥልጠናን ማነስ ከምክንያቶቹ ሲቈጥር፣ የስክሪኑንም አሠራር ወቅሷል፤ በእጅ የሚያዝ የፍጥነት ዘንግ ወዲያው ለእጅ የሚታወቅ መልስ ስለሚሰጥ የሚመረጥ መሆኑንም ገልጿል። ሁለት ዘንጎችን በአንድ መዳፍ የጨበጠ ሰው አንዱ ወደ ኋላ ሲቀር እጁ ሳያየው ያውቃልና። የባሕር ኃይሉም እ.ኤ.አ. በ2019 የፍጥነት ስክሪኖቹን በዘንግ እንደሚተካ አስታወቀ።

በመኪናም እንዲሁ ነው። ቪ ቢልኤጋሬ የተባለው የስዊድን የመኪና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2022 ልዩ ልዩ መኪናዎችን በአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ላይ፣ በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየነዳ፣ ሬዲዮ መክፈትንና ሙቀት ማስተካከልን የመሰሉ አራት ሥራዎችን አስፈጸመ። ባለ ቁልፉ፣ እ.ኤ.አ. የ2005 ቮልቮ ሥራውን በ10 ሴኮንድ፣ 306 ሜትር ሄዶ ሲጨርስ፣ ከሁሉ የዘገየው ባለ ስክሪን መኪና 44.9 ሴኮንድ ፈጅቶ፣ 1,372 ሜትር ተጉዟል። የመኪናን ደኅንነት የሚመዝነው ዩሮ ኤንካፕም እ.ኤ.አ. ከ2026 ጀምሮ ነጥብ ሲሰጥ ፍሬቻው፣ የአደጋ መብራቱ፣ የዝናብ መጥረጊያውና ክላክሱ በእጅ በሚዳሰስ መጫኛ መሠራታቸውን እንዲመለከት ወስኗል። ዓይን በመንገድ ላይ መዋል ባለበት ስፍራ፣ እጅ ያለ ዓይን የሚያነበው ነገር ያሻዋልና።

ስለ ዓይነ ሥውራን ወገኖቻችንም በተለይ ማሰብ ይገባል። የስልክ ቁልፍ ለእነርሱ በጉብታው ፊደል ነበር፤ በባለ ቁልፍ ስልክ ኮከብ፣ 127፣ መሰላል ደውሎ ወደ ቴሌብር የሚገባ ዓይነ ሥውር፣ ቁጥሮቹን የሚያገኘው ከ5 ቁጥር ጉብታ ተነሥቶ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በአይፎን፣ ኋላም በአንድሮይድ ስልኮች ላይ፣ ጣት የነካውን በድምፅ የሚያነብና ትእዛዙን ደግሞ መታ መታ ሲያደርጉት የሚቀበል አሠራር ስለ ተጨመረ፣ መስተዋቱ ለእነርሱም ተከፍቷል። ይህ አሠራር ጥልቅ ምሥጢር አለው፤ የመጀመሪያው ንክኪ ለመጠየቅ፣ ሁለተኛው ለማዘዝ ሆኖ ሲለይ፣ ስፍራና ወሰን በሌላ መንገድ፣ ስፍራ በጆሮ፣ ወሰንም በሁለተኛው ንክኪ፣ ለሰው ተመልሰዋልና። ይህን ሥርዓት የሠሩት ሰዎች ለዓይነ ሥውር ያሰቡት አሳብ ለሁላችን ትምህርት ነው።

እንግዲህ በእጃችን ያለውን በማስተዋል እንጠቀምበት። ንዝረቱ የተዘጋባችሁ አድማጮች፣ በስልካችሁ ቅንብሮች ውስጥ ስለ ድምፅና ንዝረት ወደሚናገረው ክፍል ገብታችሁ የኪቦርዱን ንዝረት ክፈቱ፤ ጣታችሁ ምስክሩን ያገኛል። መተግበሪያ የምትሠሩ ወጣቶች፣ ገንዘብ የሚልከውንና መዝገብ የሚሰርዘውን ምልክት በአንድ ንክኪ ብቻ የሚፈጸም አታድርጉት፤ ስፋቱንም ለሽማግሌ ጣት የሚበቃ አድርጉት፤ ሁልጊዜም በአንድ ስፍራ አኑሩት፤ ጠርዝ የሌለው ቁልፍ በእጅ ልማድ ሊታወቅ የሚችለው ካልተዛወረ ብቻ ነውና። ለመሥሪያ ቤትና ለሆስፒታል ዕቃ የምትገዙ ኃላፊዎችም፣ መሣሪያው ያምር እንደ ሆነ ከመጠየቃችሁ በፊት፣ የሚሠራበት ሰው ዓይን በዚያች ሰዓት የት መዋል እንዳለበት ጠይቁ፤ ዓይኑ በስክሪኑ ላይ ለመዋል ነፃ ከሆነና ስሕተቱ የሚታረም ከሆነ መስተዋቱ መልካም ነው፤ ዓይኑ በታማሚው፣ በመንገዱ ወይም በባሕሩ ላይ መዋል ያለበት ከሆነ ግን ቁልፉና ዘንጉ ይቈዩ።

ሥልጣኔ ማለት የቀደመውን ሁሉ መንቀል አይደለም፤ የቀደመው ያገለግል የነበረውን አገልግሎት አውቆ፣ ያንን ሳያጐድል የተሻለውን መጨመር ነው። መስተዋቱ ለፊደላችን ሰፊ ሜዳ ሰጥቶናል፤ ንዝረቱም ከመስተዋቱ ለጣት መልስ አስገኝቷል። ለጣት የቀረው ዕዳ ስፍራ ነው፤ ይህ ዕዳ እስኪከፈል ድረስ ቁልፍን ጊዜው ያለፈበት ብለን አንናቀው።